አራተኛው ችካል

እኔ ልንገርህ፣ የጠንቋይ ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፣ ዛር ነው ቡዳ ነው ሲሉኝ በሳቅ የምፈርስ ሰው ነበርሁ፣ የፎገራ ሰው «ርብ ዳር ሲመሽ አትቁም፣ የውሃ ጋኔን አለ» ሲለኝ «ጋኔኑ ስንት ሜትር ነው? ልለካውና መዝገብ ላይ ላስፍረው» እያልሁ አሾፍ ነበር። ስለዚህ አሁን የምነግርህን የፈሪ ወሬ አድርገህ እንዳትሰማብኝ። ደግሞ ሌሊት አይደለም የሆነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፣ ፀሐይዋ ፍጥጥ ብላ፣ አራት ሰው ሆነን ሜዳ ላይ ቆመን።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። መንገዱ ገና አፈር ነበር፣ ክረምት በገባ ቁጥር ሜዳው ባሕር ይሆንና ከወረታ የሚያወጣም የሚያስገባም አይገኝም፣ እናም መሥሪያ ቤታችን መንገዱን ከውሃው በላይ አንሥቶ ሊሠራው ላይ ታች ይል ነበር። እኔ ቀያሽ ነኝ፣ የመሬቱን ከፍና ዝቅ ለክቶ ለመሐንዲሶቹ የሚሰጥ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከይፋግ እስከ ሐሙሲት ያለውን ጭቃ በእግሬ አቡክቼዋለሁ፣ ወባው ስንት ጊዜ እንደጣለኝ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው፣ እድገት ግን የለም፣ «ትንሽ ታገሥ» ብቻ።

አበራ የሚባል ልጅ ነበር። ልጅ እላለሁ እንጂ ጎልማሳ ነው። መጀመሪያ የእኔ ስታዲያ ያዥ ሆኖ ነው የተቀጠረው፣ ስታዲያ የምንለው ያን ቁጥር የተጻፈበትን ረጅም ጣውላ ነው፣ አንዱ ጣውላውን ችካል ላይ አቁሞ ይይዛል፣ ሌላው ከሩቅ ባለሦስት እግሩን መነጽር ተክሎ ቁጥሩን ያነባል። ማንበቡን ያስተማርሁት እኔ ነኝ፣ ስሞትልህ፣ እጁን ይዤ። ከዚያ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ተማረና ዲፕሎማ ይዞ ተመለሰልህ፣ ጥቁር መነጽር፣ አዲስ ቦት ጫማ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ፣ ሁለት! አንዱ ምን አነሰው? ቢሮ ውስጥም ነገሩ ሁሉ «ይህን አበራ ይየው» ሆነ። እሱ ግን «ጋሼ» ማለቱን አልተወም፣ ሲያየኝ ከመቀመጫው ይነሣል፣ ይሄ ነው ይበልጥ ያንገበገበኝ፣ ቢንቀኝ ኖሮ ቢያንስ ተጣልቼው ይወጣልኝ ነበር። ባጎረስሁ ተነከስሁ እንዳልል እንኳ ልጁ አልነከሰኝም። ቀናሁ በቃ፣ ምን እሸፋፍናለሁ፣ አንጀቴ እስኪያር ቀናሁበት።

በዚያው ሰሞን የወረታው ክፍል ኃላፊ ጡረታ ወጡና ወንበራቸው ባዶ ሆነ። የታጨነው ሁለት ነን፣ እኔና እሱ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መሐንዲስ ሐሙስ ዕለት ሊወስን ነው፣ ፈተናውም አበራ ራሱ ተክሎ የለካቸው አምስት ችካሎች ናቸው፣ ልኩ ልክ ከሆነ ወንበሩ የእሱ፣ ከተሳሳተ የእኔ። ችካል ስልህ ተራ እንጨት እንዳይመስልህ፣ ወፍራም የወይራ ግንድ ነው፣ አናቱ ላይ ሚስማር አለው፣ የሚሠራው መንገድ ከፍታ ሁሉ የሚነሣው ከእሱ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ አራት ጣት ስህተት ማለት መንገዱን ውሃ በላው ማለት ነው። ሥራውን በቀን የሚያግዘን ካሴ የሚባል የወረታ ገበሬ አበራ ችካሎቹን ሲተክል አይቶ «ይሄ የወሰን ድንጋይ መሆኑ ነው እንግዲህ» ብሎ ጠየቀኝ፣ «እንደዚያው ነው» አልሁት። «እንዲያ ከሆነስ የነካው ወዮለት፣ እኛ አገር ወሰን የገፋ ሰው ቄስም አይፈታው» አለና ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

አበራ ማክሰኞ ለክቶ ጨረሰ። መዝገቡን አየሁት፣ እንከን የለውም፣ የእኔ እጅ ያስተማረው እጅ ነው፣ ምን እንከን ይኖረዋል። ረቡዕ ጥርሴን ሲያመኝ ዋለና አመሻሽ ላይ አገጬን በነጭ ሻሽ ጠፍሬ አሰርሁ፣ ከዚያ መዶሻ ከካፖርቴ ሥር ሸጉጬ ወጣሁ። የሽምብራውን ማሳ ጠርዝ ጠርዙን ይዤ አራተኛው ችካል ዘንድ ደረስሁና ተንበርክኬ አራት ጊዜ መታሁት። በአንድ ምት ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ በጠቅላላው ስምንት። ዙሪያውን ጥቁሩን አፈር ደልድዬ፣ ኮቴዬን አጥፍቼ ተመለስሁ። ያን ሌሊት፣ እመነኝ፣ ጭነቱን እንደጣለ አህያ ነው የተኛሁት። እንቅልፍ የሚባለውን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው።

ሐሙስ ጠዋት መሐንዲሱ የአበራን መዝገብ ይዞ መጣ። «አንተ አንጋፋው ነህ፣ አንተ አንብብ፣ እኔ አመሳክራለሁ» አለኝ። መነጽሩን ተከልሁ፣ ካሴ ጣውላውን ተሸክሞ ከችካል ችካል ይሄዳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ፣ የዚያ ዘመን መነጽር ሰውን ገልብጦ ነው የሚያሳይህ፣ እግሩ ወደ ላይ፣ ራሱ ወደ ታች፣ ሰማዩ ከሥር። ጀማሪን ራሱን ያዞረዋል፣ እኔ ግን በአሥራ አንድ ዓመት ለምጄው ተገልብጦ ካላየሁት ያየሁት አይመስለኝም።

አንደኛው ችካል ልክ፣ ሁለተኛው ልክ፣ ሦስተኛውም ልክ። መሐንዲሱ ራሱን ይነቀንቃል፣ አበራ ከኋላዬ ቆሞ ትንፋሹን ውጧል። ካሴ አራተኛው ላይ ቆመ፣ ሰማንያ እርምጃ ቢርቅ ነው፣ እኔም ዓይኔን አስጠጋሁ።

ካሴ እንደ ወትሮው ተዘቅዝቆ ቆሟል። አጠገቡ ግን ሰው ተንበርክኳል። ቀጥ ብሎ! ሁሉ ነገር በተገለበጠበት መነጽር ውስጥ እሱ ብቻ ራሱ ወደ ላይ፣ ጉልበቱ ወደ ታች። እስቲ አስበው፣ መነጽሩ ሁሉን የሚገለብጥ ከሆነ ያ ሰው እዚያ ሜዳ ላይ ያለው ተዘቅዝቆ ነው ማለት እኮ ነው። ጀርባውን ነው የሰጠኝ። ከአገጩ ሥር የወጣ ነጭ ሻሽ አናቱ ላይ ታስሯል፣ የሻሹ ጫፍ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል፣ እጁ ላይ መዶሻ አለ።

ዓይኔን አነሣሁ። ካሴ ብቻውን ጣውላውን ይዞ ዝንብ ያባርራል። መልሼ ባይ ሰውየው አለ። ቁጥሩን አየሁት፣ ወይ ጉድ፣ አንድ ሜትር ከሠላሳ ሁለት ይላል፣ የማክሰኞው የአበራ ቁጥር፣ ችካሉን ጨርሶ እንዳልነካሁት ሁሉ።

«ስንት ነው?» አለ መሐንዲሱ።

ሠላሳ ሁለት ብል አበራ አለፈ፣ እኔ ቀረሁ። ዓይኔን ከመነጽሩ አልነቀልሁም። ይሄኔ ሰውየው እጁን አነሣና መታ፣ ቁጥሩ ሠላሳ አራት ሆነ። ቀስ ብሎ ድምፁ መጣ፣ ደረቅ፣ እንጨት ላይ ያረፈ፣ ቷ! ደግሞ መታ፣ ሠላሳ ስድስት። ቷ! ሠላሳ ስምንት። ከኋላዬ አበራ ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚያንኳኳው?» አለኝ በሹክሹክታ። ሰውየው ለአራተኛው ሊመታ እጁን አንሥቶ ቆመ፣ አልመታም፣ ትእዛዝ እንደሚጠብቅ ሰው።

«ስንት ነው እኮ!» አለ መሐንዲሱ።

«አርባ» አልሁ።

ቷ! አለ።

መሐንዲሱ ገፋ አድርጎኝ ራሱ አየ። «አንድ ከአርባ» አለና መዝገቡን ከደነው፣ «ስምንት ሴንቲ ሜትር! በዲፕሎማ!»

«ጌታዬ፣ ማክሰኞ ሠላሳ ሁለት ነበር፣ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ» አለ አበራ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

«ችካል በእግሩ አይሄድም።»

ካሴ ጣውላውን ተሸክሞ እየሮጠ ደረሰ። «ኧረ ጌቶቼ፣ የችካሉ አናት ትኩስ ነው፣ አሁን የተመታ ነው የሚመስል» አለ። መሐንዲሱ «ፀሐይ ነው» ብሎ ወደ መኪናው ሄደ፣ ነገሩም በዚያ አለቀ።

ወንበሩን ተቀመጥሁበት። አበራ በወሩ መልቀቂያውን ጽፎ ሐሙሲት ሂሳብ አስተማሪ ሆኖ ገባ፣ እኔም ሲሄድ ሸኘሁት፣ «አይዞህ፣ ሰው ነህ ትሳሳታለህ» አልሁት፣ በዚህ አፌ። ከዚያ ልክ በሳምንቱ ሥራ ላይ መነጽር ባነሣ ሰውየው አለ፣ ቀጥ ብሎ፣ አሁን ግን ወደ እኔ ቀርቦ ሦስተኛው ችካል ላይ ነው። ከወር በኋላ ሁለተኛው ላይ። መነጽሩ ይሆናል ብዬ ሌላ አስመጣሁ፣ ያው ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁ ቀን መነጽሩ ውስጥ ሜዳም፣ ጣውላም፣ ሰማይም የለም፣ ነጭ ጨርቅ ብቻ ሞልቶታል፣ ቀስ ብሎ ጨርቁ ዝቅ አለና ዓይን መጣ። በዚያኛው በኩል አስጠግቶ እኔን ያነባል። ከዚያ ወዲህ መነጽር በእጄ ነክቼ አላውቅም፣ «ዓይኔ ደክሟል» እላለሁ፣ ኃላፊን ደግሞ ማን ለምን ብሎ ይጠይቃል።

አበራን ከስንት ጊዜ በኋላ ይፋግ ገበያ አገኘሁት። ወፍሯል፣ ትንሽ ሴት ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጧል፣ ሲያየኝ እንደ ድሮው ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ «ምነው እንዲህ ከሱ» አለኝ። ልንለያይ ስንል «ጋሼ፣ ሁልጊዜ ልጠይቅዎ እያልሁ፣ ያን ዕለት የሚያንኳኳው ምን ነበር?» አለኝ።

«እኔ ምንም የመዶሻ ድምፅ አልሰማሁም» አልሁት።

ልጅቱ ጆሮውን ትጎትታለች። «መዶሻ ነው አላልሁም እኮ፣ ጋሼ» አለ፣ በቁጣ እንዳይመስልህ፣ እንዲያው በለሆሳስ። እሰድበው ይሆን እግሩ ላይ እወድቅ ይሆን እያልሁ ስቆም «በሉ ደኅና ይሁኑ፣ እናቷ ትጠብቀናለች» ብሎ ልጁን እያሣቀ በገበያው መካከል ሄደ።

እንግዲህ ምን እንደነበር አንተ ንገረኝ፣ እኔ አላውቅም። የማውቀው ያን ማታ ቤቴ ገብቼ በጀርባዬ ተጋድሜ ያሰብሁትን ነው። ወንበሩ የእኔ ነው፣ ቁልፉ የእኔ ነው፣ ማኅተሙ የእኔ ነው፣ እሱ ግን ይኼኔ ሐሙሲት ልጁን አቅፎ ተኝቷል። ስለ ፈጣሪ፣ እንዲያ ቀንቼበት አላውቅም።