ቤንዚኑ ነው ያለው መካኒክ

ልጆቼ፣ መካኒኩን ጋራዡ ውስጥ «እጀ ወርቅ» ነበር የሚሉት። አልነሳ ያለ ሞተር እሱ ከነካው ይነሳል። ጉድ ያደረገችውም ይህችው ስሙ ናት።

አንድ ቀን አንዲት ልብስ ሰፊ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች የአባቷን አሮጌ መኪና አስጎትታ መጣች። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲነዷት የኖሩ ሹፌር ናቸው። አሁን ዓይናቸው ደክሞ መንዳቱን ትተውታል፤ ግን «ድምጿን አንዴ ልስማው» እያሉ ልጃቸውን መግቢያ መውጫ አሳጥተዋታል።

«ሞተሩ ሮታሪ ነው» አለችው። «የሄድኩበት ሁሉ አንነካም ብሎኛል። አንተ ሠርተህ ታውቃለህ?»

ዓይኗን አየ። ባያይ ይሻለው ነበር።

«ስንቱን!» አላት።

አንድም አልሠራም። ተከፍቶም አላየም።

ሲፈታው ላብ አጠመቀው። ፒስተን የለ፣ ቫልቭ የለ። ሞላላ ቤት ውስጥ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ይዞራል፤ በየማዕዘኑ እንደ ማስመሪያ የቀጠነች ማሸጊያ ተሰክታለች። እያንዳንዷ የኖረችበትን ቦታ ለምዳ ነው የተበላችው፤ ሌላ ቦታ አትስማማም። እሱ ይህን ከየት ይወቅ? እንዳይጠይቅ «ስንቱን» ብሏል። እንደ ብሎን ሁሉንም አንድ ሳፋ ናፍጣ ውስጥ ዘፍዝፎ አጠበና እንደመጣለት መለሳቸው።

ልብስ ሰፊዋ ከሥራ ስትወጣ ጎራ ትል ነበር።

«ቱታህ ብብቱ ላይ ተተርትሯል። አውልቀው ልስፋልህ።»

«አውልቄ ምን ልሁን?»

«እንግዲያው ሳትነቃነቅ ቁም።»

መርፌዋን ስታመላልስ ትንፋሹን ያዘ። አለማወቁን ሊነግራት ፈለገ።

«ስሚ…» አለ።

ቀና ብላ አየችው። ጠበቀችው።

«መርፌው እንዳይወጋሽ» አላት።

ሞተሩ የሚነሳ ዕለት አባቷን ደግፋ አመጣቻቸውና ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። ቤንዚኑንም በጀሪካን ገዝታ የቀዳችው ራሷ ናት። እጀ ወርቅ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ እንደ ንብ እምም አለ፤ ሽማግሌው ፈገግ አሉ። ወዲያው ከውስጥ ብረት ብረትን ሲፍቅ ተሰማና ጸጥ።

«ምን ሆነች?» አሉ።

የጋራዡ ሰው ሁሉ እሱን ያያል።

«ቤንዚኑ ነው» አለ። «ቆሻሻ አለበት።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ አባዬ፣ እኔ ነኝ» አለች። «የምገዛበትን ማጣራት ነበረብኝ።» ድምጿ ተቆራረጠ። እሱ ቆሞ ሰማት። ልጆቼ፣ አፍ ነበረው እኮ!

ከሄዱ በኋላ ሞተሩን ሲከፍት አንዷ ማሸጊያ ያለቦታዋ ገብታ ኖሮ ተሰብራ የሞተሩን ቤት ግድግዳ ቦጭቃዋለች። ያን ብረት ማየት ከብዶት ፊቱን አዞረ። በማግሥቱ ጠዋት እነሱ ደጃፍ ቆመ።

«ቤንዚኑ ንጹሕ ነበር» አለ መሬት መሬት እያየ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሮታሪ ነክቼ አላውቅም። ዋሸሁሽ።»

«እኔማ የቤንዚን ድምፅ እንዳልሆነ ያኔውኑ ሰምቻለሁ» አሉ አባቷ ከውስጥ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም አባዬ?»

«እሱ ይንገርሽ ብዬ።»

ወደ እሱ ዞረች። «አለማወቅህን ተወው። እኔ ባላጠፋሁት ይቅርታ ስል ቆመህ አየኸኝ። ይሄ ነው የማይወጣልኝ።» ገብታ በሩን ዘጋችው።

ሽማግሌው ግድግዳ እየዳበሱ ወጡ። «ከጓሮ ለመለዋወጫ ያስቀመጥኩት አሮጌ ሞተር አለ። የሞተሩን ቤት ከነማሸጊያዎቹ ከዚያ ውሰድ። ሌላ የለኝም፣ ልጄ።»

ጋራዥ ተመልሶ ለሁሉም ተናገረ። ያው የጋራዥ ሰው እንደምታውቁት ነው።

«እጀ ወርቁ ሞተር በላ!» አለ ቀለም ቀቢው።

«ቆይ፣ እሱንም በቤንዚን ነው ያወራረደው?» አለ ጎማ ጠጋኙ።

ፊቱ እንደ ፍም ቀላ። ቻለው።

ያን አሮጌ ሞተር መፍታት የጀመረ ዕለት ልብስ ሰፊዋ የክር ሳጥኗን ይዛ ከተፍ አለች።

«ለአባዬ ብዬ ነው። ላንተ እንዳይመስልህ።»

«እሺ።»

እሱ ማሸጊያ ባወጣ ቁጥር እሷ ክር ታስርባታለች፤ ለየቦታው የየራሱ ቀለም። እንዳይደባለቁ አጠገብ ላጠገብ ጨርቅ ላይ ታስተኛቸዋለች። ጣቶቻቸው ተነካኩ።

«ይህቺ ፊቷ በየት በኩል ነው?» አለችው።

አፉን ከፈተ። ዘጋው። ጆሮው ቀላ።

«አላውቅም» አለ። «እስኪ አብረን እንያት።»

ቀና ብላ አየችው፤ ረጅም አየችው። ከዚያ ወንበሯን ወደ እሱ ሳበች።

ሞተሩ ተነሳ፤ ሳያቋርጥ እንደ ንብ ቀፎ ዘመረ። ሽማግሌው መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳርፈው አለቀሱ። «እግዜር ይስጥህ የኔ ልጅ» ሲሉት፣ «አባባ፣ ክሩን ያሰረችው እሷ ናት» አለ። «በፊት ያበላሸሁት ግን—»

«ኧረ ይበቃሃል!» አለችው። «ስንት ጊዜ ነው የምትናገረው?»

«እስክትታረቂኝ።»

አባቷን ከኋላ ወንበር አስገባችና እሷ ከፊት፣ ከጎኑ ተቀመጠች። እሱ ማርሽ ሊያስገባ ሲል ዘይት የጠጣ እጁን ያዘችው።

«ደጃፋችን ቆመህ ያፈርክ ዕለት ነው የወደድኩህ» አለች በሹክሹክታ። «የተናደድኩትም ስለወደድኩህ ነው።»

መኪናዋ ቆማ ታንጎራጉራለች። እሱ እጁን እንዳስያዘ ቀረ።

«ስሙ እናንተ!» አሉ ሽማግሌው ከኋላ። «የደከመው ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አይደለም። ይልቅ ንዳ!»