የተፈታው ፖምፓ

የወፍጮ ቤቱ በር አልተሰበረም። ቁልፉም አልተነካም። የተነቀለው በጓሮ በኩል አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነበር። ሞተሩ በቦታው አለ። ናፍጣ የሚገፋለት ፖምፓ ግን የለም።

ፖሊሱ ሃምሳ አለቃ አብተው ጎንበስ ብሎ አየ። ከኋላው ሸዋወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ባሏ ሲሞትባት ወርቋን ሸጣ ያቆመችው ወፍጮ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ናዝሬት ላይ ቦታ የሚሰጠው ቀበሌ ነው፣ የሚነጥቀውም እሱው። ለመስቀል ወፍጮው ሥራ ካልጀመረ ቦታው ለማኅበር ይሰጣል ተብላለች። መስቀል ደግሞ ደርሷል።

«የሚጠረጥሩት አለ እትዬ?»

«ሳሊህ» አለች። «እታች ያለው ባለወፍጮ። የእኔ ሲነሣ የእሱ ገበያ ይቀዘቅዛል።»

የአብተው ዓይን ብሎኖቹ ላይ ነበር። በልካቸው መፍቻ ተፈትተው ጣሳ ውስጥ ተቀምጠዋል። የናፍጣው ቱቦ አፍ በንጹሕ ጨርቅ ተደፍኖ በክር ታስሯል።

ሳሊህን ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ዱቄት ለብሶ አገኘው። ነገሩን ሲሰማ ሳቀ። እየመራ አስገብቶ የራሱን ሞተር አሳየው። የጣሊያን ሥሪት ነው፤ የሸዋወርቅ ፖምፓ አይገጥምለትም።

«ደግሞስ ይህ ወረፋ አይታይህም?» አለ ሳሊህ። «ሴቶቹ ከነጋ ጀምሮ ይሰድቡኛል። የእሷ ቢነሣ ግማሹን ስድብ ትወስድልኝ ነበር።»

አብተው እየተመለሰ አሰበ። ሌባ የሚወስደውን ነው የሚያየው። ጥሎት የሚሄደው ሞተር አፈር ቢገባበት ምን ገዶት? ይህኛው ግን ለሚቀረው ተጠንቅቋል። መልሶ ሊገጥመው አስቧል ማለት ነው።

ወፍጮውን የተከለላት ማን እንደሆነ ጠየቃት። ቀነዓ የሚባል የሁሩታ ሰው ነው አለች። የማንም ተቀጣሪ አይደለም፤ ከከተማ ከተማ እየዞረ ወፍጮ ይተክላል። ስለማይተዋወቁ ተጠንቅቀው ነበር የተዋዋሉት። ግማሹን ቀብድ ሰጠችው። ግማሹ፣ ወፍጮው ዱቄት ሲያወጣ እንዲሰጡት፣ አቶ ገብረወልድ እጅ ተቀመጠ። አቶ ገብረወልድ የባሏ ወዳጅ የነበሩ ባለሱቅ ናቸው፤ ሰፈሩ ሲጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ወፍጮው ተሞከረ፤ ዱቄትም ወጣ፤ ለገበያ የሚከፈተው ግን ለመስቀል ነበር።

«ታዲያ ከፈሉት?»

«ከፈልኩት ብለውኛል።»

«ሲከፍሉት አይተዋል?»

«ሽማግሌ ይጠየቃል እንዴ፣ ሃምሳ አለቃ?»

በማግሥቱ አብተው በአሰላ አውቶቡስ ሄዶ ሁሩታ ወረደ። ቀነዓ ግቢው ውስጥ የሰው ሞተር ፈትቶ ተቀምጧል። አብተው በኦሮምኛ «አካም ጅርታ» ብሎ ሰላም አለው። ቀነዓ የደንብ ልብሱን አየና መፍቻውን አስቀመጠ። እጁን ጠራርጎ ቤት ገባ። ፖምፓውን በላስቲክ እንደተጠቀለለ አምጥቶ ከአብተው እግር ሥር አኖረው።

«ብሰርቅ እሸጠው ነበር» አለ።

ከዚያ ሁሉንም ነገረው። ቀሪውን ሊቀበል ደጋግሞ ናዝሬት ተመላልሷል። በሄደ ቁጥር አቶ ገብረወልድ፣ ሴትዮዋ ዱቄቱ ሻክሮባታል፣ እንዳልሰጥህ ብላኛለች ይሉታል። ነገሩ አንገበገበው። በመጨረሻ ፖምፓውን መያዣ አድርጎ ወሰደ።

«እሷን ለምን አልጠየቅካትም?»

ቀነዓ ቀና ብሎ አየው። «መሐላችን ያስቀመጥነውን ሽማግሌ ዘልዬ? ውሸታም ነህ ማለት እኮ ነው።»

አብተው ሰውየውን ከነፖምፓው ይዞ ናዝሬት ገባ። ሸዋወርቅን አስጠርቶ ሁሩታ የሰማውን ነገራት። ሦስቱም ወደ አቶ ገብረወልድ ሱቅ ሄዱ። ሽማግሌው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዩ ይመዝኑት የነበረውን ጨው ሚዛኑ ላይ ተዉት።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅዎ» አለ አብተው። «ለእሷ ከፈልኩት ብለዋል። ለእሱ ከለከለችህ ብለዋል። እውነቱ የትኛው ነው?»

ሚዛኑ መወዛወዙን ሲያቆም ሽማግሌው ተናገሩ።

የልጃቸው ስም ለብሔራዊ ውትድርና ወጥቶ ነበር። አሰርዝልዎታለሁ የሚል ሰው መጣ። ሙሉውን ክፍያ በቅድሚያ አለ። የራሳቸው አልበቃ ሲላቸው አደራውን ጨመሩበት። ሰውየው ከዚያ ወዲያ አልታየም። ልጁም ዘመተ።

«ለሰው ሲሆን ግማሹን አስይዛለሁ» አሉ። «ለራሴ ሲሆን ግን ሙሉውን ሰጠሁ።»

ሸዋወርቅ ፊቷን አዞረች። ቀነዓ ፖምፓውን አንሥቶ ወደ በሩ ሄደ። ወዴት ነው አለችው።

«ልገጥመው ነዋ።»

«የምከፍልህ የለኝም እኮ።»

«ወፍጮው ይክፈለኝ። በየገበያው ቀን እመጣለሁ።»

«እስከዚያ ገንዘቡ ማን ዘንድ ይቀመጥ?»

«ማንም ዘንድ አይቀመጥ። እርስዎ ይቆጥራሉ፣ እኔ አያለሁ።»

ሸዋወርቅ በፖምፓው ጉዳይ ክስ እንደሌላት ለአብተው ነገረችው። አደራው ግን እምነት ማጉደል ነው፤ አቶ ገብረወልድ ጣቢያ መሄድ ነበረባቸው። አብተው እጃቸውን አላሰረም። ሱቁን እስኪያስረክቡና ጋቢያቸውን እስኪይዙ ጠበቃቸው፤ ጀንበር አዘቀዘቀች።

በወፍጮ ቤቱ በኩል ሲያልፉ ሞተሩ ሳል ሳል ብሎት ተነሣ። ወደ ሳሊህ ስትወርድ የነበረች ሴት ቆማ አዳመጠች፤ ከነእህሏ ተመለሰች።

አቶ ገብረወልድም ቆሙ። «አንድ ቀን ቢጠይቁኝ እኮ እናገር ነበር» አሉ።

«እርስዎን ማን ደፍሮ ይጠይቃል፣ አባቴ?» አለ አብተው።