ማርሊን ሰላም የማትላቸው ሰዎች

ማርሊን ዶከሪ ቢሮዋ ወለል ላይ ተደፍታለች። ጭንቅላቷ ከኋላ ተፈርክሷል። አጠገቧ ቀዩ የእሳት ማጥፊያ ወድቋል፣ ፀጉሯ ተጣብቆበታል። ደሙ እስከ በሩ ፈሷል፣ ገና አልረጋም።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። የቴክሳስ ፀሐይ ከአሁኑ መስኮቱን እየጠበሰችው ነው።

የጦር ሰፈሩ ፖሊስ መርማሪ፣ ሃምሳ አለቃ ኢኔዝ ቪያሬያል፣ በሩ ላይ ደረቀች። በቃ፣ ደረቀች። ማርሊን እኮ ናት። የመጠጥና የእንክብል ሱስ የያዛቸውን ወታደሮች የምታማክረው ማርሊን፣ ያቺ ስትስቅ ኮሪደሩ ሁሉ አብሯት የሚስቀው። ግን ማልቀሻ ጊዜ የለም፣ ኮሪደሩ ላይ ሁለተኛ ሰው ሊሞት ነው።

ሻለቃ ባሻ ዶይል ሃቸር፣ ያ ግዙፉ ሰውዬ፣ ወታደር ታከርን ግድግዳ ላይ አንቆ ይቀጠቅጠዋል። የታከር እጅ እስከ ክርኑ ደም ነው።

“አልነካኋትም” አለ ታከር፣ ጥርሱን እየተፋ። “ቀጠሮ ነበረኝ። ወድቃ አገኘኋት፣ ላነሳት ስል ነው።”

“ትናንት ‘እገድልሻለሁ’ ስትላት ሕንጻው ሁሉ ሰምቷል” አለ ዶይል፣ አንድ ቡጢ ጨምሮለት።

ኢኔዝ መሀላቸው ገባች። “ባሻ፣ ይልቀቁት።”

“አንቺ ልጅ፣ ሴትየዋ ጎረቤቴ ናት። የሚስቴ ጓደኛ ናት።”

“አውቃለሁ። ይልቀቁት አልኩ።”

የኢኔዝም የዶይልም አለቃ ሻምበል ላንግሊ ሲደርስ ነገሩን ለመጨረስ አንድ ደቂቃም አልፈጀበትም። ማርሊን ‘ሕክምናው አልሠራለትም’ ብላ ስለጻፈች ታከር ከሠራዊቱ ሊባረር ነው። ዝቷል፣ እጁም ደም ነው። “እስከ ስድስት ሰዓት ለወህኒ አስረክቢው” አላት።

ልጁ እኮ ሃያ ዓመቱ ነው። የሚጠብቀው ዕድሜ ልክ ነው።

ሌላ ማን ማርሊን ጋ እንደሚታከም ደግሞ ማወቂያ የለም። መዝገቡ ያለ ዳኛ ትእዛዝ አይከፈትም።

ኢኔዝ በር ላይ ወደምትቀመጠው እንግዳ ተቀባይ፣ ሚስ ኦፓል፣ ሮጠች። “ከታከር ሌላ የተጣላት ሰው አለ?”

“እሷን ማን ይጣላል፣ ሆዴ” አለች አሮጊቷ እንባዋን እየጠረገች። “ባሻ ዶይልን ብቻ ነው ያኮረፈችው። ድሮ ከመኪና ማቆሚያው ማዶ ሆና ስሙን እየጮኸች የምትጠራው ሴትዮ፣ ሁለት ወር ሆናት፣ ምግብ ሰልፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ ቆመው እንኳ ዞር ብላ አታየውም።”

ወይኔ፣ ዶይል።

ይሄን ነገር ኢኔዝ ታውቀዋለቻ። ከሁለት ዓመት በፊት ማርሊን ሱፐርማርኬት ውስጥ ዘግታት ስታልፍ፣ ኢኔዝ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ አልቅሳለች። በማግስቱ ማርሊን ምን አለቻት? “የኔ ቆንጆ፣ ውጭ ከተገናኘን ሰላም የምትይኝ አንቺ ነሽ። እኔ አልጀምርም። ማንም ‘ከየት ትተዋወቃላችሁ’ ብሎ እንዳይጠይቅሽ።”

ዶይል በድብቅ ይታከም ነበር። ግን ይሄን ለማስረዳት ኢኔዝ የራሷን ምስጢር መናገር አለባት። እንክብል ይዟት እንደነበር ማንም አያውቅም። ከታወቀ መርማሪነቱም ሊቀር ይችላል።

ዶይልን ጠርታ ሻምበሉ ፊት አስቀመጠችው።

“ባሻ፣ ማርሊን ጋ ይታከሙ ነበር?”

“እኔ? እኔ ሰካራሞቹን የምልክላት ነኝ እንጂ” ብሎ ሳቀ።

“ሻምበል፣ ዛሬ ጠዋት ከማርሊን ኢሜይል ገብቶ እንደሆነ ያዩልኛል?”

“ይሄን ደግሞ ከየት አመጣሽው?”

ኢኔዝ ከዶይል ወደ ሻምበሉ ዞረች። “ደንበኞቿን ውጭ ሰላም አትልም። እሱንም መዝጋት ጀምራ ነበር። ታካሚዋ ሰው ላይ አደጋ ሊያደርስ ከሆነ ደግሞ ለአለቃው መጻፍ ግዴታዋ ነው። የማውቀው፣ እኔም ደንበኛዋ ስለነበርኩ ነው። ስምንት ወር ሙሉ፣ ለእንክብል ሱስ።”

“መርማሪያችን ሱሰኛ ናት እንዴ” አለ ዶይል።

ሻምበሉ ስልኩን አየ። ፊቱ ነጣ። “አንድ ሰዓት ከአስር ላይ ገብቷል፣ አላየሁትም። ‘ሻለቃ ባሻ ሃቸር የታንክ ተኩስ ልምምዱን ሰክሮ እንደሚመራ ነግሮኛል። ነገም እንደማይተው ነግሮኛል…’”

“ውሸት” አለ ዶይል። “የሷ ሪፖርት አለቃዋ ሳይፈርም አይወጣም። ስንት ወታደር ልኬ አውቀዋለሁ፣ ፊርማው ብቻ ሳምንት ይፈጃል። ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ቀድጄ—”

ከዚያ ዘለለ።

የኢኔዝን ፀጉር ይዞ ፊቷን ከጠረጴዛው አላተመው፣ አፍንጫዋ ሲሰበር ተሰማ። አልለቀቃትም፣ ደገማት። እሷ በቦት ጫማዋ ተረከዝ ጉልበቱን መታችው። ቋ አለ። እየጮኸ ወደቀ፣ ሻምበሉ ላዩ ላይ ወጣበት።

“ያ ድሮ ነው፣ ባሻ” አለች ኢኔዝ ደም በሞላው አፏ። “አሁን በራሷ የሙያ ፈቃድ ነበር የምትሠራው። በላይዋ የሚፈርም የለም። ሲመቷት ኢሜይሉ ከሄደ አንድ ሰዓት አልፎት ነበር።”

ዶይል መሬቱን በግንባሩ መታ። “ለጡረታዬ ሦስት ወር ነበር የቀረኝ። ለመንኳት። ‘ነገ ተኩስ አለ፣ ልጆቹ ይሞታሉ’ አለችኝ።”

ወሰዱት። ሻምበሉ በሩን ዘጋ። “ስለ ራስሽ ያልሽውን ሪፖርቱ ላይ አታስገቢው። እኔም አልሰማሁም።”

“ካላስገባሁት ዳኛው ‘እንዴት ጠረጠርሽው’ ይለኛል። ታከርም አይወጣም።”

እስክሪብቶ አነሳች። ከአፍንጫዋ ደሙ ወረቀቱ ላይ ጠብ ሲል በእጅጌዋ ጠረገችውና የመጀመሪያውን መስመር ጻፈች፦ እኔ የማርሊን ዶከሪ ታካሚ ነበርኩ።