በዓይን ቁመት

መጀመሪያ የተገናኘን ቀን ፒንሳ ወረወርኩበት። ጆሮው አጠገብ አልፎ ግድግዳውን መታና አንዱን አዲስ ሴራሚክ ሰነጠቀው። እሱ ጎንበስ ብሎ ፒንሳውን አነሣና መለሰልኝ።

«ሳትሽኝ» አለኝ።

ሠራተኞቹ ኮረንቲ ይሉኛል። ኤሌክትሪክ ስለምዘረጋ ብቻ አይደለም፤ የነካኝን ስለምነዝር ነው። ሙያውን ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን ከሞተ ጀምሮ እሱ ኮንትራክተር፣ እኔ የእሱ ኤሌክትሪሻን ሆነን ኖርን። አንድ ሽቦ ከተሳሳትኩ አንድ ጥፊ። ጋሼ እያልኩ፣ እየፈራሁት አደግኩ፤ እጁንም ወረስኩ። ስናደድ ምን እንደሚባል ያስተማረኝ ስላልነበረ ያገኘሁትን እወረውር ነበር።

ያን ቀን ባለመስታወቱ፣ ፒንሳ የወረወርኩበት ሰው፣ የመጣው ለአንድ መታጠቢያ ቤት ነው። መስኮት የሌለው ክፍል፣ ነጭ የፊት መታጠቢያ ገንዳ ከነካቢኔቱ፣ ከገንዳው በላይ የሚሰቀል ትልቅ መስታወት። እኔ በጋሼ ትእዛዝ ለአንድ መብራት ብቻ ከጣሪያው ሽቦ አውርጃለሁ። እሱ ገና ሜትሩን ሳያወጣ ቀና ብሎ ሽቦውን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ከላይ ብቻ ከሆነ ፊት ላይ ጥላ ይጥላል። በግራና በቀኝ፣ በዓይን ቁመት ነው መሆን ያለበት።»

«አንተ መስታወትህን ስቀል። መብራቱን ለእኔ ተወው።»

«ነይ ላሳይሽ» አለና መስታወቱን ካቢኔቱ ላይ አስደግፎ ከፊቱ አቆመኝ። ባትሪውን ከራሴ በላይ ያዘ። ዓይኔ ሥር፣ አፍንጫዬ ሥር፣ ጉንጬ ሥር ጠቆረ፤ በሽተኛ መሰልኩ። ቀጥሎ የሱን ባትሪ በቀኝ፣ የእኔን በግራ አድርጎ አበራ። ጥላው ሁሉ ጠፋ። ጉንጬ ላይ ያለው ሰምበር ግን አልጠፋም። አራት ጣት ነው፤ የጋሼ አራት ጣት።

በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያየን።

«ማነው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

ያኔ ነው ፒንሳውን የወረወርኩት።

በማግስቱ፣ ያሳየኝ ልክ ስለነበር፣ ሽቦውን ልንቀይር ተስማማን። ጋሼ ሌላ ሳይት ላይ ስለነበር አልነገርኩትም፤ ሠርቼ ላሳየው አሰብኩ። ግድግዳውን በመዶሻና በፑንታ ስፈለፍለው ቤቱ ይናወጣል።

«ግድግዳው ምን በደለሽ?» ይለኛል አቧራውን እየጠረገ።

«ዝም በል፤ ቀጥሎ ያንተ ተራ ነው።»

ይስቃል። ወንድ አጠገቤ ቆሞ ሳልሸማቀቅ ስሠራ የመጀመሪያዬ ነበር። ሁለተኛው ቀን ላይ እርሳሱን ይዞ «ቀጥ ብለሽ ቁሚ፤ አትሳቂ እንጂ!» እያለ ዓይኔ የሚደርስበትን ግድግዳው ላይ አሰመረ። አንድ ሜትር ከአርባ አምስት። እዚያው ቆሜ፣ እስትንፋሱ እየተሰማኝ፣ ወደድኩት። ሁለቱን መብራቶች እዚያው መስመር ላይ ተከልኳቸው፤ እሱም መስታወቱን በዚያው ልክ ሰቀለው።

ጥፋታችን እዚህ ላይ ነው። የቤቱ ባለቤት ከእኔ አንድ ራስ ሙሉ የምትበልጥ ዘንካታ ሴትዮ ናት። ስንለካ፣ ስናሰምር፣ ስንሰቅል ሁለታችንም አንድ ጊዜ እንኳ አላስታወስናትም።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ ይዟት መጣ። መብራቶቹ አንገቷ ላይ አበሩ፤ ፀጉሯን ለማየት ጎንበስ አለች።

«ለልጅ ነው እንዴ የሠራችሁት?» ብላ ደረጃውን ወረደች።

ጋሼ በሩን ዘጋው።

«ማን አዘዘሽ?»

«ጋሼ፣ ዛሬውኑ ከፍ አደርገዋለሁ...»

ቡጢው አፌ ላይ አረፈ። ካቢኔቱ ላይ ወደቅኩ፤ ደሜ ነጩ ገንዳ ውስጥ ተንጠባጠበ። በፀጉሬ ጎትቶ ሲያነሣኝ ባለመስታወቱ መሃላችን ገባ።

«የለካሁት እኔ ነኝ። እሷን ልቀቃት!»

ጋሼ መታው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ ደረቱን ጨምድዶ ይዞ መስታወቱ ላይ ወረወረው። መስታወቱ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ረገፈ። ባለመስታወቱ መሬት ላይ ቀረ፤ ግራ ክንዱ ከክርኑ እስከ አንጓው ተተርትሯል።

መዶሻው እጄ ላይ ነበር። መቼ እንዳነሣሁት አላውቅም። ጋሼ አየኝና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ ሸሸ፤ ግድግዳው ያዘው። ልገድለው ነበር። አልዋሽም፣ ጭንቅላቱ ላይ የማሳርፍበትን ቦታ እንኳ መርጬ ነበር።

ባለመስታወቱ አልጮኸም፣ አልለመነኝም። ክንዱን በሌላ እጁ ጨምቆ ይዟል፤ ደሙ ግን በጣቶቹ መሃል ይወርዳል። ከንፈሩ ነጥቷል። ያለኝ ሁለት እጅ ነው፤ ለክንዱ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። መዶሻውን ጣልኩት። ፎጣ አጣጥፌ ቁስሉ ላይ ጫንኩና ሽቦ በምጠቀልልበት ጥቁር ናስትሮ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት።

«ከዚህ በር ከወጣሽ እህት የለኝም» አለ ጋሼ።

ባለመስታወቱን ደግፌ ወጣሁ።

ክሊኒክ ውስጥ ክንዱን ሲሰፉለት አጠገቡ ተቀምጬ እጆቼን አያለሁ።

«እኔ አልበጅህም» አልኩት። «የሱ እጅ ነው ያለኝ። አንድ ቀን ብመታህስ?»

«እሄዳለሁ።»

«ወዲያው?»

«ወዲያው። እኔም ከመታሁሽ አንቺ ትሄጃለሽ። እስከዚያ ግን የትም አልሄድም።»

አለቀስኩ። እኛ ቤት የተመታ ሰው ይቆያል፤ መሄድ እንደሚቻል የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ተጋባን። አምስት ዓመታችን ነው። እሱ መስታወት ይሰቅላል፣ እኔ መብራት እዘረጋለሁ። እንጣላለንም። ባለፈው ሳምንት ድሪሌን ሳይጠይቀኝ ለጎረቤት አዋሰብኝ። ቃል ስንመላለስ፣ ሳላስበው እጄ ተነሣ። ተነሣና አየር ላይ ቀረ። እሱ አየው እንጂ አልተከላከለም። እጄ ካረፈ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም።

ቀድሜው ወጣሁ። ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞርኩት፤ እጄን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ። አልመታሁትም፣ አልመታሁትም እላለሁ፤ መንገደኛው ዞሮ ያየኛል። ስመለስ በሩ አልተቆለፈም።

«መጣሽ?» አለኝ ከውስጥ።

«መጣሁ» አልኩት።