የአሥራ ዘጠነኛው ቀን ውሃ

ወረርሽኙ የምርምር ተቋሙን በር ባዘጋ ጊዜ፣ ወጣቷ ተመራማሪ ከማሽላ ችግኞቿ ተለየች። ወደ ግቢው እንዲገባ የተፈቀደለት፣ በአጥሩ ሥር ቤት ተከራይቶ የሚኖረው የችግኝ ቤቱ ሠራተኛ ብቻ ነበር። እሷ ግን የምትኖረው ከከተማው ዳር፣ ከእናቷና ከሦስት ወንድሞቿ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ነው። ከቤተሰቧ እስከ ምርምር የዘለቀች የመጀመሪያዋ ሰው ስትሆን፣ የሥራ ውሏ የሚታደሰው የዚያ ሙከራ ውጤት በወሩ መጨረሻ ከቀረበ ነበር።

ባልደረቦቿ በየቤታቸው የጥናት ክፍል ነበራቸው። እሷ ስብሰባ የምትገባው ቪዲዮዋን ዘግታ ነው፤ ከጀርባዋ አንዱ ወንድሟ ሱሪ ሲቀይር ሌላው ድስት ያንኳኳልና። ከአልጋው እስከ በሩ አራት እርምጃ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ትመላለስበታለች።

«ኧረ ልጄ፣ አንድ ቦታ እረፊ። ወለሉ አለቀ እኮ» ትላታለች እናቷ።

የምትረጋው ማለዳ ማለዳ የችግኝ ቤቱ ሠራተኛ ሲደውል ብቻ ነበር።

«ዶክተርዬ፣ ደህና አደርሽ?»

«ገና ነኝ አልኩህ እኮ።»

«አፌን ላስለምደው ብዬ ነው። በግራ ያሉት አሥሩ አንገታቸውን ደፍተዋል።»

«ይድፉ። ውሃ እንዳታሳያቸው። ጥሙን የሚችለው የትኛው እንደሆነ ነው የምናየው።»

«አንቺስ ጨካኝ ነሽ።»

ወሬው ከቅጠል ተነሥቶ ወደ ሌላ ይሻገራል። ነገር ሲያልቅባቸውም ስልኩን የሚዘጋ አይገኝም፤ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ያደምጣል።

አንድ ማለዳ ግን፣ ውሉን የሚያስታውስ የኃላፊው ደብዳቤ ደርሷት ኖሮ፣ ስታለቅስ አገኛት።

«እነዚህ ከሞቱ የእኔም ነገር አበቃ» አለችው።

ከአራት ቀን በኋላ አሥሩም ቀና ማለታቸውን ነገራት። ኃላፊው ሪፖርቷን አይተው «እንዲህ ያለ ውጤት አልጠበቅሁም» አሉ። በዚያ ቀን ስብሰባ የገባችው ቪዲዮዋን ከፍታ ነው።

በማግስቱ ሲደውል ሰላምታ አላቀረበም።

«አጠጥቻቸዋለሁ» አላት። «ውሃ በከለከልናቸው በአሥራ ዘጠነኛው ቀን። የዚያን ዕለት ለቅሶሽን አልቻልኩትም።»

ዘጋችበት። ስድስት ቀን ደወለ፤ አላነሣችም። አራቱን እርምጃ ስትመላለስ ሥራዋ መበላሸቱ ያንገበግባታል፤ ይበልጥ ያንገበገባት ግን የማለዳው ወሬ መቅረቱ ነበር።

በሰባተኛው ቀን መንገዱም ግቢውም ተከፈተ፤ ሄደች። በችግኝ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ከጭምብሉ በላይ ዓይኖቹ ብቻ ይታያሉ።

«እውነቱን ለኃላፊው ጻፍኩላቸው» አለችው።

«ታዲያ መባረሬ ነዋ።»

«ስምህን አላነሣሁም። ሥራውን በቅጡ ያላስረዳሁህ እኔ ነኝ።»

«ያንቺ ውልስ?»

«አይታደስም።»

መሬት መሬት አየ። «ምነው ዝም ባልኩ።»

«ዝም ብለህ ኋላ ባውቅ ኖሮ፣ ፊትህን አላይም ነበር።»



«ዘር ተርፎሻል?» አላት።

«እፍኝ ያህል። ሌላ ተቋም ይቀበለኝ ይሆናል፤ ግን እንደገና መዝራት አለብኝ።»

«ከቤቴ ጓሮ ፀሐይ የማይለየው ቦታ አለ።»

«አንተ ባለህበት ማሽላ የሚጠማ ይመስልሃል?»

«ቧንቧው በቁልፍ ነው የሚዘጋው። ቁልፉን አንቺ ያዢው።»

ከኪሱ አውጥቶ መዳፉን ዘረጋላት። በመዳፉ ላይ ሁለት ቁልፎች ነበሩ።

«ይሄኛውስ የምንድን ነው?»

«የቤቱ» አላት፤ ድምፁ በጭንቅ እየተሰማ።

ቀና ብላ አየችው። ከዚያም ሁለቱንም ወሰደች።