ለእኔ ያርገው

የአልጣሽ የከሰዓት ልማድ አንድ ነው። ጓዳዋን ጠርጋ፣ ሽንኩርት የከተፈ እጇን ታጥባ፣ ልጇ ወደምትሰፋበት ክፍል ትገባና ከኋላ፣ ጨለም ካለው ጥግ፣ መደቡ ላይ ትቀመጣለች። የስፌት መኪናው ያጓራል፣ የዘይቱና የአዲስ ጨርቁ ሽታ ታፍኖ አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ የጦሳ ተራራ ጉም ወደ ደሴ ሲወርድም የመስኮቱ ብርሃን ቀስ እያለ ይሞታል።

ልጇ ውዴነሽ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አንገቷ ሳታዘው ወደ ግራ ይወረወራል፤ ዓይኗ ይርገበገባል፤ ጉሮሮዋ እህ ይላል። ሐኪሞቹ ቲክ ይሉታል። ጎረቤት ዛር ነው ይላል፤ የጎረቤትን አፍ የሚሰፋ መርፌ ደግሞ እስካሁን አልተሠራም። አልጣሽ ይህን ሁሉ ችላ ኖራለች። ያልቻለችው ባለፈው ክረምት፣ አንገቷ ሲወረወር መርፌው የልጅቷን ጣት ከጨርቁ ጋር የሰፋው ቀን ነው። ያን ቀን ልጄ ሳትድን አልሞትም ብላ ማለች።

ሐኪሟ ዶክተር ኅሪት ታብሌት አምጥታ ከስፌት መኪናው ፊት አቆመች። ካሜራው የውዴነሽን ፊት ሲያገኝ በአረንጓዴ መስመር ያጥረዋል። ዓይኗ ሲርገበገብ ወይም አንገቷ ሲወረወር መስመሩ ይቀላል፣ ዕቃውም ጠቅ ይላል። ልጅቷም ሊመጣባት ሲል የሚቆነጥጣትን ስሜት በዚያው እየለየች፣ አገጯን ዝቅ አድርጋ፣ በዝግታ ተንፍሳ ማሳለፍን ትማራለች።

«ይሄ ብርጭቆ ከወለድኳት ከእኔ በላይ ሊያውቃት ነው?» አለች አልጣሽ።

«አያውቃትም እማማ፣ ያይላታል እንጂ።»

አልጣሽ ተነሥታ የሟች ባሏን ፎቶ ከግድግዳ አወረደችና ካሜራው ፊት ደቀነችው። ምንም መስመር አልመጣም።

«ፎቶ አይቀበልም» ብላ ሳቀች ዶክተሯ። «የማይተነፍስ፣ የማይንቀሳቀስ ፊት ለእሱ እንደሌለ ነው።»

«አልተሳሳተም። እሱስ በቁሙ መች ተንቀሳቅሶ ያውቃል!»

ውዴነሽ እስክታነባ ሳቀች። ያን ሳቅ አልጣሽ ኋላ ብዙ ፈልጋዋለች።

እናት ልጇን እንቅፋት ሲመታት «ለእኔ ያርገው» ትላለች፤ ማንም ከቁም ነገር አይጥፈውም። አልጣሽ ግን ድሮ በቀን አንዴ ትለው የነበረውን አሁን መስመሩ በቀላ ቁጥር ትለው ጀመር። ከጥጉ ሆና «ለእኔ ያርገው» ትላለች፤ ዕቃው አሜን እንደሚል ሰው ጠቅ ይላል።

ልጅቷም ተሻላት። አንገቷ ረጋ፣ ጉሮሮዋ ዝም አለ። ዶክተሯ እልል ማለት ቀራት። ታብሌቱ ግን ጠቅ ማለቱን አልተወም።

አንድ ከሰዓት አልጣሽ አንገቷን አስግጋ የታብሌቱን መስተዋት አየች። ከልጇ ትከሻ በላይ፣ ካሜራው ከዚህ በፊት አይቷት በማያውቀው ጨለማ ጥግ፣ የራሷ ፊት በአረንጓዴ ታጥሯል፣ ይቀላል፣ ደግሞ ይቀላል። እሷ ምንም አልተሰማትም። እጇን አንገቷ ላይ ስትጭን ግን ሥጋዋ ከመዳፏ ሥር እንደ ተያዘ ዶሮ ሲወራጭ አገኘችው።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» አለች ውዴነሽ ሳትዞር።

«ምን እሆናለሁ! ስፊ አንቺ።»

ደስ አላት። ዋጋው ይኸው ከሆነ ረክሷል፤ ተቀበለችው።

ከዚያ ውዴነሽ ክር በጥርሷ መበጠስ ተወች። ስትሰፋ ታንጎራጉር የነበረውንም ተወች። ስትጠራ አትዞርም። ዝንብ ሽፋሽፍቷ ላይ ያርፋል፣ እግሩን ያሻሻል፣ ሲሰለቸው ይሄዳል። ክፍሉን ከዘይቱ ሽታ ሥር ሌላ፣ ዝናብ እንደገባበት ቤት ያለ ቀዝቃዛ ሽታ ሞላው። አልጣሽ ደግሞ መደቡ ላይ እግሮቿ የሌለ ፔዳል ሲረግጡ፣ ጣቶቿ የሌለ ክር ሲያሾሩ እያየች ማቆም አቃታት።

ጉሙ መስኮቱን በሸፈነበት ዕለት የስፌት መኪናው ቆመ።

«ውዴ?»

ልጅቷ መስተዋቱ ውስጥ ፈገግ ብላ ተቀምጣለች። ፊቷን ያጠረው መስመር ሳስቷል፤ ሊጠፋ እንዳለ ኩራዝ ይርገበገባል። የአልጣሽ ግን ደም መስሎ ይቀላል። ያን ጊዜ ገባት፤ ቃሏ ከልጇ የወሰደው ሕመሙን ብቻ አልነበረም። ዘላ ታብሌቱን ልትገለብጥ አሰበች፤ እግሯ የሌለውን ፔዳል ይረግጣል እንጂ አይነሣላትም። ቃሉ እንዳይወጣ አፏን በሁለት እጇ አፈነች። መጀመሪያ ጉሮሮዋ እህ አለ፣ በልጇ የድሮ ድምፅ። ቀጥሎ ሳታዘው፣ በጣቶቿ መሀል ሾልኮ፣ «ለእኔ ያርገው» ወጣ።

ዕቃው ጠቅ አለ፤ በውዴነሽ ፈገግታ ዙሪያም እንደ አባቷ ፎቶ ምንም መስመር አልነበረም።