ለሩሲያ የተሠራው መጨረሻ

የኤልና ብራንት አስከሬን ከሐይቁ ሲወጣ ፊቷ ላይ የተቀባችው ነጭ ቀለም ገና አልለቀቀም ነበር።

ስትሰምጥ ካሜራው ይቀርጽ ነበር። የቆሙት ሁሉ ትወና መስሏቸው አጨበጨቡላት።

ሥራው ቀላል ነበር። በፍቅር የተከዳች ልጅ ሐይቅ ትገባለች። ቀሚሷ እንዳይንሳፈፍ ጠርዙ ላይ ከባድ የእርሳስ ብረት ተሰፍቶበታል። ወገቧ ላይ የታሰረውን ገመድ ወንድሟ አክሰል፣ ካሜራው ከማያየው ቦታ ሆኖ ይስባል።

አክሰል ሳበ። ባዶ ገመድ መጣ። ጫፉ አስቀድሞ በስለት ተቆርጦ፣ የቀረው አንድ ክር ብቻ ነው የተበጠሰው።

የኮፐንሃገኑ መርማሪ ቶርኪል ራስክ አክሰልን አሰረው።

"ጠዋት ከእህትህ ጋር በምን ተጣላችሁ?"

"አብሯት የሚሠራውን ተዋናይ አግብታ በርሊን ልትሄድ ነበር። እናታችንን ለማን ጥለሽ ነው አልኳት።"

"ገመዱስ?"

"እኔው ነኝ የማስቀምጠው። ጌታዬ፣ ስቤያለሁ እኮ!"

ከተፈረደበት ዕድሜውን እስር ቤት ይጨርሳል።

ራስክ ፊልሙን አስከፍቶ አየ። ኤልና ከመስጠሟ በፊት ዞር አለች። አፏ ተንቀሳቀሰ። የዚያ ዘመን ፊልም ድምፅ የለውም። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ያ አፍ ይንቀሳቀስበት ጀመር።

አልባሳት ጠባቂዋን አሮጊቷን ዳግማርን ጠራ።

"እማማ፣ ያ ቀሚስ ሌላ ቅያሪ አለው?"

"ፖሊስም ቀሚስ ያምረው ጀመር?" አለች። "አንድ ነው። ሐር ነው፤ ውሃ ከነካው አበቃለት።"

"ፊልሙ ግን ሁለት መጨረሻ አለው ይላሉ።"

"አዎ። ለሩሲያ ሞት፣ ለሌላው አገር ሠርግ። ሩሲያውያን ካላለቀሱ አይገዙም።"

"ሠርጉን ታዲያ በምን ልብስ ልትቀርጹት ነበር?"

"በዚያው ቀሚስ ነዋ! ለዚህ ነው ሁልጊዜ ሠርጉ የሚቀድመው። ውሃ የሚንጠባጠብባት ሙሽራ የት አይተህ ታውቃለህ? ያን ቀን ግን አቶ ሆልስት ሞቱ ይቅደም አለ። ብጮህበት፣ ዝም በይ አንቺ አሮጊት አለኝ።"

ዳይሬክተሩ ቪጎ ሆልስት ፈገግ ብሎ ተቀመጠ።

"ብርሃኑ እየሸሸን ነበር" አለ።

"ፊልሙ ላይ ጥላዋ እግሯ ሥር ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ሠርጉን መቼ ልትቀርጸው ነበር?"

"ቆይቶ።"

"በየትኛው ቀሚስ?"

ሆልስት ጓንቱን አወለቀ። መልሶ አጠለቀው።

"ሠርጉ እንደማይኖር የሚያውቀው ገመዱን የቆረጠው ሰው ብቻ ነው፣ አቶ ሆልስት።"

ሆልስት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

"ኤልናን ሰው ያደረግኋት እኔ ነኝ" አለ። "በሠርጉ ላይ ሙሽራ ሆኖ የሚተውነውን ያን እጮኛዋን እያየሽ ሳቂ ብዬ ማዘዝ ነበረብኝ። ትወና አይሆንም ነበር። ከልቧ ነበር የምትስቀው። ያን ሳቅ በእጄ ልቀርጸው? አልቻልኩም። ገመዱን ቆረጥኩት።"

አክሰል ሲፈታ ቤቱ አልሄደም።

"አሳየኝ" አለው ራስክን።

"ይቅርብህ፣ ወንድሜ።"

"እህቴ ናት።"

በጨለማው ክፍል ኤልና ወደ ውሃው ገባች። ዞር አለች። ሰመጠች። አክሰል ከወንበሩ ተነሥቶ በሁለት እጁ ባዶውን አየር ይስብ ጀመር።

የፊልም ማሳያ ማሽኑን በእጁ የሚያዞረው ሰው ራስክን አየው። ሰውየው መዘውሩን አቆመና ወደ ኋላ አዞረው።

ውሃው ተከፈተ። ራሷ ወጣ። ትከሻዋ ወጣ። ቀሚሷ እየደረቀ፣ ኤልና ወደ ኋላዋ እየተራመደች መጣች።

አክሰል እግሯ ሣሩን እስኪረግጥ ድረስ መሳቡን አላቆመም።